ስለ ካልሲ ዐይነትና አሠራር፤ በትእዛዝ ለሚያሠሩ ሰዎች የሚጠቅም ማብራሪያ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ካልሲ ነው። ነገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ሰው ሁሉ ስለ ኮቱ ስፌትና ስለ ጫማው ጥራት ይጨነቃል እንጂ፥ በሱሪና በጫማ መካከል ተሰውሮ ስለሚውለው ስለ እግር ሹራብ የሚጨነቅ ጥቂት ነው። ሆኖም ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ጫማውን ሳያወልቅ፥ በጽሕፈት ጠረጴዛና በመዝገብ ቤት መካከል ሲመላለስ የሚውል ሠራተኛ፥ አፉ የላላ ካልሲ ከተረከዙ ሥር ተጠቅልሎ የዋለበትን ቀን አይረሳውም። በሰው አካል ውስጥ ካሉት 206 አጥንቶች 52ቱ የሚገኙት በሁለቱ እግሮች ነው። ይህን የረቀቀ አካል ከሁሉ ቀርቦ የሚነካው ልብስ ካልሲ ስለ ሆነ፥ አሠራሩን ማወቅ ከንቱ ድካም አይደለም።

ዛሬ የስፖርት ቡድን ያለው መሥሪያ ቤት፥ የደንብ ልብስ የሚያስለብስ ትምህርት ቤት፥ ወይም በዓሉን በአንድ ዐይነት ልብስ ለማክበር የሚሻ ማኅበር ካልሲን በራሱ ቀለምና ምልክት በትእዛዝ ሊያሠራ ይችላል። ችግሩ የሚነሣው ትእዛዙ ሲጻፍ ነው። «ካልሲ፥ ሰማያዊ፥ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት ያለበት፥ 300 ጥንድ» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የሚናገረው ስለ ቀለሙና ስለ ጌጡ ብቻ ነው። ቁመቱ እስከ የት እንደ ሆነ፥ ክሩ ምን እንደ ሆነ፥ ተረከዙና ጫፉ እንዴት እንደሚሠራ አይናገርም። ትእዛዙ ዝም ያለበትን ነገር ሁሉ ሠሪው በራሱ ፈቃድ ይሞላዋል፤ ብዙውን ጊዜም የሚሞላው ርካሹን መርጦ ነው። ከርክክብ በኋላ ደግሞ አቤት ማለት ያስቸግራል፤ የቀረበው ዕቃ በእርግጥ ሰማያዊ ነው፥ ምልክቱም አለበት፥ ቍጥሩም 300 ጥንድ ነውና። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ዋና ሐሳብ፥ ካልሲ ሲታዘዝ አሠራሩ ቀድሞ፥ ጌጡ ተከትሎ መወሰን አለበት የሚል ነው።

በመጀመሪያ ካልሲ ምን ዐይነት ጨርቅ እንደ ሆነ እንመልከት። ሸማኔ ነጠላ ሲሠራ ድርና ማግ ያገናኛል፤ ድሩ በቁመት ተዘርግቶ ማጉ በአግድም ያልፍበታል። ሁለቱም ክሮች ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ ነጠላ ቢጐትቱት ብዙም አይለጠጥም። ካልሲ ግን ድርና ማግ የለውም። ክሩ ቀለበት እየሠራ፥ እያንዳንዱም ቀለበት ከበታቹ ባለው ቀለበት ውስጥ እየሾለከ የሚሄድ ሥራ ነው። ቀለበቱ ሲጐተት ይሰፋል፥ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ካልሲ በጠባቡ አፉ ሰፊውን ተረከዝ አሳልፎ፥ ከዚያ መልሶ ቁርጭምጭሚትን ለመጨበጥ የሚችለው በዚህ ጠባዩ ነው።

ካልሲ ረዥም ታሪክ አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በግብፅ አገር ኦክሲሪንኩስ ከሚባለው ጥንታዊ ከተማ መቃብር የተገኘ፥ ከ250 እስከ 420 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደ ተሠራ የሚገመት ቀይ የሱፍ ካልሲ ዛሬ በሎንዶን፥ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። ይህ ካልሲ ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲለበስ ተብሎ፥ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ የተሠራ ነው። ከዚህም የምንረዳው፥ የካልሲ ቅርጽ በጫማው ዐይነት መወሰኑ የትናንት ልማድ አለመሆኑን ነው።

በ1589 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር፥ በኖቲንግሃም አጠገብ ከምትገኘው ከካልቨርተን መንደር፥ ዊልያም ሊ የሚባል ቄስ ሹራብ የሚሠራ መኪና አወጣ። ንግሥት ኤልሣቤጥ ቀዳማዊት የፈጠራ መብቱን አልሰጠችውም፤ መኪናው በእጃቸው ሹራብ እየሠሩ የሚኖሩትን ድኾች ሥራ ያስፈታል ብላ እንደ ፈራች ይተረካል። የመጀመሪያው መኪና በአንድ ኢንች ውስጥ 8 መርፌ ብቻ ስለ ነበረው ሥራው ሻካራ ነበር። ሊ በኋላ መርፌዎቹን ወደ 20 ከፍ አድርጎ ከሐር ክር ቀጭን ካልሲ ለመሥራት ቻለ። ይህን የመርፌ ቍጥር ነገር አድማጮቻችን በልባቸው ይያዙልን፤ ቈይተን እንመለስበታለን። በዚያ መኪና የሚሠራው ጨርቅ ዝርግ ስለ ነበረ ከኋላ በኩል ይሰፋ ነበር። በዛሬው የካልሲ መኪና ግን መርፌዎቹ በክብ ሲሊንደር ዙሪያ ስለ ተደረደሩ፥ ካልሲው ከመጀመሪያውም እንደ ቱቦ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ዐይነቶቹ እንሂድ። ካልሲ በቁመቱ በአራት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ከጫማው አፍ በታች የሚቀረው ነው። ከሸራ ጫማ ጋር ሲለበስ ካልሲ የሌለ ያስመስላል፤ የሚጨብጠው አካል ጥቂት ስለ ሆነ ግን ከተረከዝ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ሁለተኛው ቁርጭምጭሚትን ሸፍኖ የሚያቆም፥ ለሩጫና ለልዩ ልዩ ስፖርት የሚለበስ ነው። ሦስተኛው እስከ ባት መካከል የሚደርሰው ሲሆን፥ በየገበያው በብዛት የሚገኘው ይኸው ነው። አራተኛው ባትን አልፎ ከጉልበት በታች የሚያቆመው ነው። የኳስ ተጫዋቾች የቅልጥም መከላከያቸውን የሚሸፍኑበት ይህ ነው። ከኮትና ከሱሪ ጋር የሚለበሰውም ቀጭኑ ዐይነት ለስብሰባ እጅግ ይስማማል፤ ባለቤቱ እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ ገላው አይታይም፥ አፉም ከባት በላይ ባለው ቀጭን ስፍራ ስለሚያርፍ ቶሎ አይወርድም። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ቀለም ይሁን?» ሳይሆን፥ «ከየትኛው ጫማ ጋር፥ ለየትኛው ሥራ ይለበሳል?» የሚለው መሆን አለበት።

ከቁመቱ ቀጥሎ የሚታየው የክፍሎቹ አሠራር ነው። ከላይ ስንጀምር አፉን እናገኛለን። አፉ አብዛኛውን ጊዜ ሸንተረር ሆኖ ይሠራል፤ ይኸውም አንዱ የቀለበት ዐምድ ወደ ውጭ፥ ቀጥሎ ያለው ወደ ውስጥ እየዞረ ጨርቁ እንደ አኮርዲዮን እንዲሰበሰብና እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። በ1750ዎቹ ዓመታት መጨረሻ እንግሊዛዊው ጀዲዳያ ስትረት ይህን ሸንተረር በመኪና ለመሥራት የሚያስችል መሣሪያ አውጥቶ ብዙ ሀብት አገኘበት። በአሁኑ ጊዜ በአፉ ውስጥ የሚለጠጥ ክር ይጨመርበታል። ሆኖም መጠን ያስፈልገዋል። ከላላ ካልሲው ይወርዳል፤ ከጠበቀ ደግሞ ማታ ሲወልቅ በእግር ላይ ጐድጓዳ ቀለበት ትቶ ይሄዳል።

ሁለተኛው ክፍል ተረከዙ ነው። የጥሩና የመጥፎ ካልሲ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚገለጠው በዚህ ነው። እግር ቀጥ ያለ በትር አይደለም፤ ከቅልጥም ወደ መርገጫ ሲያልፍ ይታጠፋል። መኪናው ተረከዝ ሊሠራ ሲል ዙሪያውን መዞር ያቆምና፥ በግማሹ መርፌ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ፥ መጀመሪያ መርፌዎችን እየቀነሰ ቀጥሎም እየጨመረ፥ እንደ ትንሽ ከረጢት ያለ ቦታ ያወጣል። ተረከዝ የሚቀመጠው በዚህ ከረጢት ውስጥ ነው። ይህን ድካም ለማስቀረት ተረከዝ የሌለው፥ ቀጥ ያለ ቱቦ የሚመስል ካልሲም ይሠራል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ለማንኛውም እግር ይገባል፤ ነገር ግን ከእግር ጀርባ ላይ ይሸበሸባል፥ ሲሄዱበትም ይዞራል። ሽብሽባቱ ደግሞ በጫማው ተጨፍልቆ ቆዳን ያሻል፥ የታሸውም ቆዳ ውኃ ይቋጥራል።

ሦስተኛው መርገጫው ነው። ለስፖርትና ብዙ ለሚያስኬድ ሥራ በተሠራ ካልሲ፥ በመርገጫው ውስጥ ገጽ ላይ እንደ ፎጣ ጠጉር ያሉ ትንንሽ ቀለበቶች ይወጣሉ። እነዚህ ግጭትን ያበርዳሉ፥ ላብንም ከቆዳ ላይ ያነሣሉ። ነገር ግን ውፍረት ይጨምራሉ፤ በልክ የተገዛ የቆዳ ጫማ ያለው ሰው እንዲህ ያለውን ካልሲ ቢለብስ ጫማው ይጠብበታል።

አራተኛውና የመጨረሻው ጫፉ፥ ማለት ጣቶች የሚያርፉበት ነው። ቱቦው ተሠርቶ ሲያልቅ ጫፉ ክፍት ስለሚቀር መዘጋት አለበት። በተራ የስፌት መኪና ሲዘጋ በውስጥ በኩል ወፈር ያለ የስፌት መስመር ይቀራል፤ ይህም ጣትን ይጐረብጣል። ቀለበቱ ከፊት ለፊቱ ካለው ቀለበት ጋር አንድ በአንድ ተገናኝቶ ሲዘጋ ግን ስፌቱ በጣት ሲዳሰስ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። ካልሲ ሲመረምሩ ገልብጦ ጫፉን መዳሰስ ብቻ ስለ ሠሪው ብዙ ይናገራል።

ስለ መርፌ ቍጥር እንመለስበታለን ብለን ነበር። በሲሊንደሩ ዙሪያ የመርፌዎቹ ቍጥር በበዛ መጠን ክሩ እየቀጠነ፥ ቀለበቱ እያነሰ፥ ጨርቁም እየለሰለሰ ይሄዳል። ከ96 እስከ 144 መርፌ ያላቸው መኪናዎች ወፍራም የስፖርትና የብርድ ካልሲ ይሠራሉ፤ 168ና 200 መርፌ ያላቸው ደግሞ ከኮት ጋር የሚለበሰውን ቀጭን ካልሲ ያወጣሉ። ስለዚህ «ቀጭን ይሁን» ብሎ ከመጻፍ፥ «ባለ 168 መርፌ ይሁን» ብሎ መጻፍ ክርክርን ያስቀራል።

ክሩን በተመለከተ፥ «ንጹሕ ጥጥ ይሁን» ብሎ ማዘዝ ጥራትን መጠየቅ የሚመስላቸው አሉ። ጥጥ ለቆዳ ይስማማል፥ ላብንም ይመጣል፤ ነገር ግን የመጠጠውን ይዞ ስለሚቈይ እርጥብ ሆኖ ይውላል፥ በመታሸትም ቶሎ ይሳሳል። ናይሎን በበኩሉ መታሸትን ይችላል፥ ቶሎም ይደርቃል፤ ለብቻው ሲሆን ግን እግርን ያፍናል። በ1958 ዓ.ም. አሜሪካዊው ኬሚስት ጆሴፍ ሺቨርስ ያወጣው ኤላስታን የሚባለው ክር ደግሞ ተለጥጦ ወደ ልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት የሚሆን ደኅና ካልሲ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶው 75 እስከ 80 እጁ ጥጥ፥ ከ15 እስከ 20 እጁ ናይሎን፥ ከ2 እስከ 5 እጁ ኤላስታን ሆኖ ይደባለቃል። ሱፍ ለብርድ አገር ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ሆኖም ከክብደቱ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ተቀብሎ እንኳ የረጠበ ስለማይመስል፥ ጠጉሩ ቀጭን የሆነው የሜሪኖ በግ ሱፍ ለረዥም መንገድ ይመረጣል። ከቀርቀሃ ተሠራ የሚባለው ክርም አብዛኛውን ጊዜ በኬሚካል ሟሙቶ እንደ ገና የተፈተለ ቪስኮስ መሆኑን ማወቅ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ከተወሰነ በኋላ የጌጡ ተራ ይደርሳል። የጥበብ ቀሚስ የሚሠራ ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው ክር እየቈጠረ ነው፤ የካልሲም ሥዕል እንዲሁ ቀለበት እየተቈጠረ ይወጣል። እያንዳንዱ ቀለበት እንደ አንድ የሒሳብ ደብተር ካሬ ነው፤ አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል፥ ከዚያ ያነሰ መስመር ሊሣል አይችልም። ባለ 168 መርፌ ካልሲ በአንድ ወገን የሚታየው ግማሹ፥ ማለት 84 ቀለበት ነው። አንድ ፊደል ከነክፍተቱ 10 ቀለበት ቢወስድ በአንድ መስመር ከ8 ፊደል በላይ አይገባም። የመሥሪያ ቤቱን ሙሉ ስም ማስገባት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ግዕዙን ከካዕቡ፥ ሣልሱን ከኃምሱ የሚለየው ትንሽ ምልክት ስለ ሆነ፥ ቀለበቱ ከተበላሸ «ቤት» ተብሎ የታዘዘው «ቢት» ሆኖ ይመጣል።

ከዚህም ሌላ የሹራብ ቀለበት ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይበልጣል። በእኩል ካሬ ወረቀት ላይ ክብ ሆኖ የተሣለ ማኅተም በካልሲው ላይ ሲወጣ እንደ ተጋደመ እንቍላል ይሆናል፤ እግር ሲገባበትም ይብሱን ይሰፋል። ስለዚህ ሥዕሉን ሠሪው በሚሰጠው ልክ ላይ ማዘጋጀት ይገባል። የቀለሙም ብዛት ወሰን አለው፤ ብዙዎቹ መኪናዎች በአንድ ረድፍ ከ5 ወይም ከ6 ቀለም በላይ አያስገቡም። በዚያ ረድፍ ላይ ተራው ያልደረሰው ክር በካልሲው ውስጥ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ይህ ክር አይለጠጥም፤ ሲለብሱም ጣት ይይዛል። ስለዚህ ብዙ ቀለም ያለው ሥዕል በተረከዝና በእግር ጀርባ ላይ ከሚሆን በባት በኩል ቢሆን ይሻላል። በፖሊስተር ካልሲ ላይ ሥዕሉን በሙቀት ማተምም ይቻላል፤ ቀለሙ እንደ ልብ ይሆናል፥ ነገር ግን ካልሲው ሲለጠጥ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ነጭ ክር ብቅ ይላል።

ልክን በተመለከተ፥ «ለሁሉም የሚሆን» የሚባለው ቃል ማታለያ ሊሆን ይችላል። አንድ የካልሲ ልክ ጥቂት የጫማ ቍጥሮችን ይሸፍናል፤ ለምሳሌ ከ39 እስከ 42፥ ከ43 እስከ 46። ካነሰ ጣቶችን ያጨናንቃል፤ ከሰፋ ይሸበሸባል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት የሠራተኞቹን ወይም የተማሪዎቹን የጫማ ቍጥር መዝግቦ ከየልኩ ስንት ጥንድ እንደሚያስፈልግ መለየት ተገቢ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ምቾትና ስለ ገንዘብ ነው። ለአንዳንድ ሰዎች ግን የካልሲ አሠራር ከዚህ የከበደ ነገር ነው። የስኳር በሽታ ለረዥም ጊዜ የቈየበት ሰው የእግሩ ነርቭ ተጐድቶ ሕመም ላይሰማው ይችላል። ለጤነኛ ሰው ማሳከክ ብቻ የሆነው የጫፍ ስፌት ለእርሱ ሳይታወቀው ቍስል ይሆናል፤ ቍስሉም ካልዳነ እግርን እስከ መቈረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ላለ ሰው የሚሠራ ካልሲ ጐርባጣ ስፌት የሌለው፥ አፉ የማያጠብቅ፥ ቀለሙም ነጭ ወይም ፈዛዛ መሆን አለበት። ፈዛዛ መሆኑ ለጌጥ አይደለም፤ ደም ወይም መግል ቢወጣ ወዲያው እንዲታይ ነው። ባትን አጥብቆ የሚይዘው የሕክምና ካልሲ ግን የደም ዝውውሩ የደከመበትን እግር ሊጐዳ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይለበስም።

በአገራችንም ደጋማ ስፍራዎች፥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ገበሬዎችን የሚያጠቃ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት አለ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ከሕክምናው ዋና ዋና ክፍሎች ናቸው። ያበጠ እግር ግን በተራው ልክ አይገባም፤ ስለዚህም በወላይታ ለሕሙማኑ በልካቸው ጫማ ሲሠራ ቈይቷል። በልክ ማሠራት ማለት የቅንጦት ነገር ብቻ አለመሆኑን ይህ በሚገባ ያስረዳል።

እንግዲህ ነገራችንን ስናጠቃልል፥ ካልሲ የሚያሠራ ሰው በትእዛዙ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ሊያሰፍራቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው፦ ለምን ሥራና ከየትኛው ጫማ ጋር እንደሚለበስ፥ ቁመቱ፥ የመርፌው ቍጥር፥ የክሩ ዐይነትና ከመቶ ያለው ድርሻ፥ የአፉና የተረከዙ አሠራር፥ የመርገጫው ውፍረት፥ የጫፉ አዘጋግ፥ የየልኩ ብዛት፥ በመጨረሻም ቀለሙና ምልክቱ። ከዚያ ሙሉው ትእዛዝ ከመሠራቱ በፊት ናሙና ይጠየቅ። ናሙናውም በሳጥን ተቈልፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ አንድ ሠራተኛ ለብሶት ይዋል፥ በውኃ ይታጠብ፥ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁ፥ ርዝመቱም ማጠር አለማጠሩ ይታይ። በትእዛዙ የተጻፈውና በናሙናው የታየው አንድ ከሆኑ፥ ናሙናው እስከ ርክክብ ቀን ድረስ ማነጻጸሪያ ሆኖ ይጠበቅ።

ካልሲው ከተገኘ በኋላም አያያዝ ያስፈልገዋል። የፈላ ውኃና በረኪና የሚለጠጠውን ክር ይገድሉታል፤ ስለዚህ ተገልብጦ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፥ ሳይጠመዘዝ ይሰጣ፥ በየቀኑም ይለወጥ።

የመሥሪያ ቤት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ እግርም የባለቤቱ ነው። ትእዛዙን የሚጽፈው ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ ጥቂት መስመር ሲጨምር ሁለቱንም ይጠብቃል።